እንቁላል አሥር ቀን ይጣላል

ይጣላል ነው ያለኝ፣ ይጣላል፣ በጆሮዬ ሰምቻለሁ፣ በዓይኔ አንብቤያለሁ፣ እያለች ነው አሉ መንገዱን የምታቋርጠው፣ ይህን የነገረችኝ ልብስ አጣቢዋ ናት፣ ልብስ አጣቢዋም ከሌላ ከማንም አይደለም፣ ከራሷ ከዶሮ አርቢዋ አፍ ነው የሰማችው፣ አንሶላ ሲጨምቁ፣ አንዷ በዚያ ጫፍ ሌላዋ በዚህ ጫፍ ይዘው ሲጠመዝዙት፣ ሰው አንሶላ ሲጠመዝዝ ከሆዱ የማይወጣ ነገር የለም። የቀረውን እኔም አውቀዋለሁ፣ መንገዱ በደጄ ነው የሚያልፈው።

እና ትሄዳለች። በግራ እጇ ዘንቢል፣ በዘንቢሉ ውስጥ በጨርቅ የተጠቀለሉ አራት እንቁላሎች፣ ዛሬ ጠዋት የተጣሉ፣ ይኸው አሁንም ተጣሉ አለች፣ ታዲያ ምን ትበል፣ ዶሮ እንቁላሏን ጣለች ነው የሚባለው፣ እናቷም እንዲያ ነበር የምትል፣ የእናቷም እናት፣ በቀኝ እጇ ደግሞ የሁለተኛው ዙር መድኃኒት፣ ትንሽዬ ከረጢት፣ ጨምድዳ ይዛዋለች፣ ላብ አርሶታል፣ ከከብት ሐኪሙ ሱቅ ከወጣች ሃያ እርምጃ አልሞላትም፣ የት ነው የጣሉት አለኝ፣ ያ መነጽራም፣ ያ በአፍንጫው የሚናገር፣ የት ነው የጣሉት።

እንዲህ ነበር። ለሁለተኛው ዙር መጡ እትዬ? መጣሁ የኔ ጌታ፣ ተባረክ፣ እንዳልከው ሆነልኝ፣ ከሰጠኋቸው ማግስት ጀምሮ እንቁላል ተጣለ፣ አንድ ቀን አልጎደለም። ጎበዝ፣ እንደ እርስዎ ያለ ደንበኛ የለኝም፣ ሌላው እሺ እሺ ብሎኝ ይሄድና ይበላዋል፣ የት ነው የጣሉት? የት ይጥላሉ፣ ሳጥናቸው ውስጥ ነዋ፣ አንዷ ሞኝ ብቻ ናት እንጨት ክምሩ ሥር ሄዳ የምትጥል። እሱ ስክሪብቶውን አስቀመጠ። ኋላ፣ አይ እትዬ፣ ዶሮዎቹን አይደለም፣ እርስዎን ነው የምለው፣ እርስዎ እንቁላሉን የት ጣሉት? እኔ? እኔ እንቁላል እጥላለሁ እንዴ፣ አንተ ባለጌ! በሩ ላይ በግ ይዞ ተራ የሚጠብቀው ሰውዬ በሳቅ ፈነዳ፣ እሷም ሳቀች፣ የራሷን ቀልድ ወደደችው፣ ሐኪሙ ግን አልሳቀም፣ መነጽሩን አወለቀ፣ መነጽሩን ሲያወልቅ ፊቱ የሕፃን ነው፣ እትዬ፣ እንቁላሉ አልተበላም አይደል?

አልተበላም። ማን ይበላዋል።

ከአፏ እንዴት እንደወጣ አታውቅም፣ ውሸት እንደ ማስነጠስ ነው፣ ቀድሞ ይወጣና ኋላ ነው ሰው አፉን የሚይዘው፣ ሐኪሙ ተነፈሰ፣ እሰይ፣ መድኃኒቱ በእንቁላሉም ውስጥ ያልፋል፣ ለዚህ ነው ይጣላል ብዬ የጻፍኩልዎት፣ ትልቅ ሰው እንኳ ባይጎዳው ሕፃንና ነፍሰ ጡር ጋ መድረስ የለበትም፣ በዚህኛውም ዙር ያው ነው፣ አሥር ቀን፣ እሺ? እሺ አለች። ነፍሰ ጡር የምትለዋ ቃል ጆሮዋ ውስጥ ቀረች፣ ፊት ስትታጠቢ እንደሚገባ ውሃ፣ ራሷን ብትነቀንቅ አልወጣ አለች።

ብየዳ ቤቱ ጋ ደርሳለች። እሳቱ ይረጫል። ማዘር አትዪ፣ ዓይንሽን! ይላታል በያጁ ጭምብሉን ገለጥ አድርጎ። ዓይኔማ ድሮ ጠፍቶ። ግን አልጠፋም እኮ፣ አይቷል፣ ከረጢቱ ላይ በሰማያዊ ስክሪብቶ፣ እንቁላል 10 ቀን ይጣላል፣ ሦስተኛ ክፍል ያቋረጠ ሰው የሚያነበው ነገር፣ አንብባዋለች፣ ሁለት ጊዜ፣ ድምፅ አውጥታ፣ ከዚያ መድኃኒቱ ሲያልቅ ባዶውን ከረጢት ቤቷ ግድግዳ ላይ በሚስማር ሰካችው፣ ሰው የምሥክር ወረቀት እንደሚሰቅል፣ አሁንም እዚያው ነው፣ ባዶ ቤት ውስጥ ብቻውን ይጣላል ይጣላል ይላል።

መጀመሪያ የሄደች ጊዜ ምን ሆኑ ነበር ያላት ሐኪሙ። ከምን ልጀምርልህ፣ ይበላሉ፣ ይበላሉ፣ ሥጋ የለም፣ ደረታቸውን ብትዳስሰው ቢላ ነው፣ ራሳቸው ላይ ያለው ቀዩ ሥጋ ነጥቶ አመድ መስሏል፣ እንቁላል ካየሁ ሃያ ቀን፣ ኩሳቸው ደግሞ፣ ይቅር አላወራውም፣ ይንቀሳቀሳል። ትል ነው አላት። ዱቄቱን በከረጢት ሰጣት፣ ማታ ውሃ ይከልክሏቸው፣ ጠዋት ሲጠማቸው በዚህ በጥብጠው ይስጧቸው፣ በሁለተኛው ሳምንት ይደገማል፣ ትሉ እንቁላል ጥሎ ይሆናላ፣ በየዙሩ ደግሞ አሥር ቀን እንቁላል ይጣላል። አሜን! አለችው። ሁለት እጇን ዘርግታ። አሜን፣ አፍህ ይባረክ፣ አሥር ቀን ቀርቶ አምስትም ይበቃኝ ነበር! ሐኪም ሲያዝ አሜን ይባላል እንዴ፣ ምን ብሎ አስቦ ይሆን፣ ይህቺ ሴትዮ የጸሎት ሰው ናት ብሎ ይሆናል። ራሱም እኮ ነው፣ ትሉ እንቁላል ጥሎ አለኝ፣ ቀጥሎ እንቁላል ይጣላል አለኝ፣ በአንድ ትንፋሽ፣ በአንድ አፍንጫ፣ ታዲያ በየትኛው ልያዘው።

ሥራውን ደግሞ እንዴት አሳምራ እንደሠራችው። የሚያቃጥላት ይህ ነው፣ ዝርክርክ ብትሆን ኖሮ፣ ግማሹን ብትረሳው ኖሮ፣ እሷ ግን ያዘዛትን ሁሉ አደረገች፣ ፀሐይ ስትጠልቅ የውሃ ገንዳቸውን አነሳች፣ ጠዋት ውሃውን በጠርሙስ ለክታ ዱቄቱን በእንጨት ማንኪያ አሟሟችው፣ በሩን ስትከፍተው ዘጠኙም ተንጋግተው መጡ፣ ጥቁሯ፣ ኮሎኔሏ የምትላት፣ ገንዳው አፍ ላይ ተገትራ የመጣችውን ሁሉ በመንቆሯ ትጠልዛለች፣ አንቺ ጠግበሻል ዞር በይ፣ ዞር በይ ብዬሻለሁ፣ አልሰማ ስትላት ያዘቻትና ቅርጫት ደፋችባት፣ ከቅርጫቱ ሥር ስድቧን ቀጠለች፣ አቅም የሌላቸውን ሦስቱን ደግሞ አንድ በአንድ ብብቷ ሥር አቅፋ መርፌ በሌለው ሲሪንጅ በመንቆራቸው ጎን ጠብ፣ ጠብ፣ ቀስ ብላ፣ ወደ ሳንባ እንዳይገባ፣ ጉሮሯቸውን በጣቷ እየዳሰሰች፣ ዋጥሽ? ዋጥሽ የኔ እናት? በማግስቱ የወጣውን አየች፣ ነጭ፣ ረዣዥም፣ የተቀቀለ ፓስታ፣ አንዳንዱ ገና የሚላወስ፣ ጭዱን ጠርጋ አቃጠለችው፣ ወለሉን ኖራ ነሰነሰችበት፣ ከዚያ ቀን ወዲህ ፓስታ አፏ አልደረሰም፣ ልጇ ሹፌሩ በስልክ ሲስቅባት፣ እማዬ ትሉ ከዶሮዎቹ ወጣ ፓስታው ካንቺ ወጣ፣ አሁን ለማን ነው መድኃኒቱ የተሰጠው?

ለማን ነው።

በማግስቱ አንዲት እንቁላል። ለብ ያለች። ጉንጯ ላይ አስደግፋት ቆመች። ይኸው አለ፣ ይጣላል ብሎኝ የለ። በሦስተኛው ቀን አንድ፣ በአራተኛው ሁለት፣ ከዚያ ሦስት፣ እና ገና የመጀመሪያዋን ስታያት ሌላ ሰው ትዝ አላላትም፣ የሚያምን ይመን፣ አንድ ሰው ብቻ፣ እሷ።

ምራቷ። የልጇ ሚስት፣ ልብስ ሰፊዋ። ሦስተኛ ወሯ ነው። ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ አርግዛለች፣ ሁለቱም አልቆዩላትም፣ የመጀመሪያው በሁለት ወሩ፣ ሁለተኛው በአራት፣ ሁለተኛውማ ስም ሁሉ ወጥቶለት ነበር ይባላል፣ እና ያን ጊዜ፣ ያን ጊዜ ነው፣ እግሬ በተሰበረና እዚያ ቤት ባልደረስኩ ትላለች፣ ሾርባ ይዛ ገባች፣ ምራቷ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኝታለች፣ ሾርባውን አስቀምጣ ብትወጣ ምን ነበረበት፣ የለም፣ በሩ ላይ ቆማ፣ ለጎረቤት የምትናገር መስላ፣ ዶሮ እንኳ ሃያ አንድ ቀን ታቅፋ ትፈለፍል የለም እንዴ። አለች። ጎረቤቷ እኔ ነበርኩ፣ ሰምቻለሁ፣ ኧረ ተይ አላልኳትም። አልጋው ላይ ያለችው አልተንቀሳቀሰችም፣ ብርድ ልብሱ ብቻ ትንሽ ወደ ላይ ተሳበ።

ሦስት ዓመት። ሦስት ዓመት ሙሉ ምራት አማቷ ደጅ አልረገጠችም፣ መንገድ ላይ ሲገናኙ እንደምን አደሩ እትዬ፣ አንገቷን ሰበር አድርጋ፣ በእርስዎ፣ በትሕትና፣ ለማታውቃት አሮጊት እንደሚባለው፣ ብትሰድባት ይሻል ነበር፣ ስድብ መልስ አለው። ሹፌሩ በመሃል፣ ከእናቱ ቤት ሲወጣ እጁን ታጥቦ፣ ከሚስቱ ቤት ሲወጣ አፉን ጠርጎ፣ እንደ ሌባ በሁለት ቤት መሃል ሲመላለስ ኖረ።

ዘንድሮ ነው የደወለላት። እማዬ፣ ደርሶልናል፣ ለማንም አታውሪ። እኔ የረጅም መንገድ ጭነት ላይ ነኝ፣ እሷ ብቻዋን ናት፣ እባክሽ እማዬ። ለማንም አላወራችም፣ ለእኔ ብቻ። እና በማግስቱ ማለዳ ያቺን አንዲት እንቁላል በጨርቅ ጠቅልላ ሄደች፣ በሩ በስንዝር ተከፈተ፣ ለሆድሽ ነው አለቻት፣ ሌላ ቃል አልመጣላትም፣ እሺ እትዬ፣ ተቀበለቻት፣ በሩ ተዘጋ። በማግስቱም። በማግስቱም። በአራተኛው ቀን በሩ ሙሉ ለሙሉ ተከፈተ። ይግቡ እማ።

እማ!

እዚያ ቤት ቁጭ ብላ ምን እንደተወራ አታስታውስም፣ የስፌት መኪናውን መርገጫ፣ የተቆራረጠ ጨርቅ፣ በክር የተሞላ ቆርቆሮ፣ ብቻ ያቺን ቃል አፏ ውስጥ እንደ ከረሜላ ይዛ ተመለሰች፣ ለኮሎኔሏ ሳይቀር ነገረቻት፣ ሰማሽ፣ እማ አለችኝ። ቀቅዬ ልላጥልሽ ስትላት የለም እማ፣ ጠዋት ጠዋት ያስመልሰኛል፣ ትንሽ ቆይቼ ነው የምበላው። ብዪ እሺ። ብዪ የኔ ልጅ፣ አስኳሉን እንዳትተዪ፣ ጉልበቱ ያለው አስኳሉ ላይ ነው።

አስኳሉ ላይ ነው። ዋይ።

ስንት ይሆናሉ። ትቆጥራለች፣ እየሄደች፣ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ አንድ፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አንድ ቀን አራት፣ እስከ አሥረኛው ቀን፣ ሃያ ሳይሆን አይቀርም፣ ሃያ እንቁላል፣ በዚያች ቀጭን አንገት የወረደ ሃያ እንቁላል፣ እኔ ነኝ በእጄ ያወረድኩት፣ ጠብ ጠብ አድርጌ፣ ዋጥሽ የኔ እናት እያልኩ። ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት፣ እኔን በምን ጣሉኝ፣ በስክሪብቶ።

ዳቦ ቤቱ፣ ሰልፉ፣ ትኩስ ሽታው፣ ምራቴ ይህን ሽታ ትወደዋለች ብላ ትናንት ገዝታላት ነበር። ዝም ብትልስ። በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባ። ማን ያውቃል፣ ሐኪሙን አልተበላም ብላዋለች፣ ሐኪሙ የምራቷን ቤት አያውቅ፣ ያን ከረጢት ከግድግዳ ነቅሎ እሳት ውስጥ፣ አለቀ፣ ልጁ በሰላም ከተወለደ ማን ጠየቀ፣ ካልተወለደም፣ ካልተወለደም ሁለቱ ያለ እንቁላል አልቆዩም፣ ሰው ያንኑ ነው የሚለው፣ ያው እንደለመደባት፣

ቆመች። መንገድ መሃል። ከኋላዋ ጋሪ የሚገፋ ሰውዬ፣ ሴትዮ ወይ ሂጂ ወይ ጥጉን ያዢ! ጥጉን ያዘች። ያው እንደለመደባት ብዬ አሰብኩ፣ እኔ፣ በዚች አፍታ፣ በዚህ ጭንቅላት፣ ለራሴ እንዲመች ልጁን ገደልኩት። ለዶሮ ትል መድኃኒት አለ፣ በውሃ ተበጥብጦ፣ ለዚህ ለኔ ሆድ የሚሰጥ ምን አለ፣ ምንድን ነው ውስጤ የሚላወሰው፣ ስንት ዘመን ነው እያበላሁት የኖርኩት።

ፍየልም ትጥላለች። የእናቷ ፍየል ነበረች፣ ነጭ፣ አንድ ክረምት መንታ ጣለች፣ ልጆች ሆነው በረቱ በር ላይ አጮልቀው ያዩት፣ እርጥብ፣ ፀጉር ገና ያላበቀለ፣ እናቷ ወጥታ ጣለች አለች፣ በዚያው ቃል፣ እንቁላል ሲገኝ ጣለች፣ ልጅ ሲጠፋ ጣለች፣ ስታምኚው እምነትሽን ጣልሽበት፣ ሲከፋሽ ተጣላሽው፣ ይህ ቋንቋ አንድ ቃል ይዞ ስንት በር ይከፍታል፣ የትኛው በር እንደሆነ ለተማረው ነው እንጂ ለኔ ቢጤዋ በምን ይታወቃል። አይ፣ አታመካኚ። አሥር ቀን ለምን አልሽም። ዶሮ በሐኪም ትእዛዝ ቀን ቆጥራ ትጥላለች እንዴ፣ ዕድሜሽን ሙሉ ዶሮ ያረባሽ፣ ለምን አሥር፣ ለምን አሥራ አንድ አይሆንም ብለሽ ለምን አልጠየቅሽም። ስለፈለግሽ ነው። የሚወስዱት ነገር ፈልገሽ ነበር፣ በር የሚያስከፍት።

በኔ ደጅ ስታልፍ ቁጭ ብዬ ሽንኩርት እልጣለሁ። እንዴት አደርሽ እመ ጫጩት! አልኳት፣ ሰፈሩ እንዲያ ነው የሚጠራት፣ አልሰማችኝም፣ ዓይኗ ውኃ አቅርሮ ይሁን ሽንኩርቱ እኔን ጋርዶኝ ይሁን እንጃ፣ ኮራችብኝ ብዬ ተቀየምኩ፣ ምራቷ እማ ካለቻት ወዲህ መሬት አትነካም ብዬ ለልብስ አጣቢዋ አማኋት፣ የዚያኑ ቀን። የሰው ነገር።

ቱቦው ጋ ደረሰች፣ ቆሻሻ ውኃ የሚወርድበት፣ ዘንቢሉን ከፈተች፣ ጨርቁን ፈታች፣ አራቱም ቡኒ ናቸው፣ አንዱ ላባ ተለጥፎበታል። ልጣለው? አሁን ነው የሚጣለው? ቀኑን ቆጠረች። አሥሩ ቀን አልፏል እኮ፣ እነዚህ ደህና ናቸው፣ የሚበላ እንቁላል የያዝኩት ገና ዛሬ ነው፣ ይዤ መግባት የምፈራውም ዛሬ ነው። መልሳ ጠቀለለቻቸው። ሳይርቅ በቅርቡ ሳይደርቅ በርጥቡ ይሉ የለ፣ ሄጄ እነግራታለሁ። እነግራታለሁ፣ እሷም ሆን ብለው ነው ትላለች፣ ለምን አትል፣ ያን ቃል የተናገረ አፍ ያለው ሰው ምን አይሠራም፣ እኔም በሷ ቦታ ብሆን እላለሁ፣ ሹፌሩም ይሰማል፣ በስልክ፣ መሪ ይዞ፣ እናትህ ሚስትህን መድኃኒት አበላቻት፣ እና ልጄንም አጣዋለሁ፣ አንድ ነው ያለኝ፣ ሁለተኛ የለኝም፣ እሷን ከነሆዷ፣ እሱን ከነስልኩ፣ ባንድ ማለዳ። ዝም ካልኩ ደግሞ ሐኪም ቤት ሄዳ ቶሎ የምትረዳበትን ሰዓት እኔ በላሁት። ሃያ እንቁላል አብልቼ ሰዓቷንም ልብላባት?

እግሯ ቀደማት። ሰማያዊው የቆርቆሮ በር። ሌላ ጊዜ ከዚህ ላይ ሆና የስፌት መኪናውን ድምፅ ትሰማለች፣ ትር ትር ትር ብሎ ያርፋል፣ እንደገና ትር ይላል፣ ዛሬ የለም። አንኳኳች። ክፍት ነው፣ ይግቡ። ድምፁ ከሩቅ ነው የሚመጣው፣ ክፍሉ ግን አንድ ነው።

ምራቷ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣለች፣ አንድ እጇ ከእምብርቷ በታች፣ ጫማ አላደረገችም፣ የተጀመረ ልብስ ማሽኑ ላይ ከነመርፌው ቆሟል። ከማለዳ ጀምሮ ይወጋኛል እማ፣ ታች ነው፣ ይመጣል ይሄዳል። ደም አየሽ? የለም፣ እስካሁን የለም።

እስካሁን።

እና ዶሮ አርቢዋ መንገዱን ሙሉ ያሰናዳችው ንግግር፣ ልጄ ተረጋግተሽ ስሚኝ የሚለው፣ ሁሉም ጠፋ፣ እንቁላሉ አለች፣ ምን ሆነ እንቁላሉ፣ መድኃኒት አለበት፣ ምን? የትል፣ የዶሮዎቹ፣ ሐኪሙ ይጣላል ብሎኝ እኔ ይጣላል መሰለኝ። ምን ይጣላል? እንደሚጥሉት መስሎኝ፣ ዶሮዎቹ፣ እሱ ግን እንደሚጣለው ነው ያለው፣ እንደ ቆሻሻ፣ አሥር ቀን እንዳይበላ፣ ለነፍሰ ጡር አይሆንም አለኝ፣ አሁን ነው ያለኝ፣ አሁን ከዚያ ነው የምመጣው፣ ሆን ብዬ አይደለም፣ በሞተው ባሌ፣ በልጄ ዓይን፣ ያን ቃል ተናግሬአለሁ አልክድም፣ አፌ ነው፣ እጄ ግን፣ በእጄ ምንም አላደረግኩሽም፣ ተነሽ ሐኪም ቤት እንሂድ፣ ኋላ ትሰድቢኛለሽ፣ ለባልሽም ንገሪው፣ እኔ ራሴ እነግረዋለሁ፣ አሁን ግን ተነሽ።

ምራቷ ታያታለች። እንዲህ ትክ ብላ አይታት አታውቅም፣ ሦስት ዓመት ሙሉ ጫማዋን ነበር የምታየው።

አልበላሁትም አለች።

ምኑን?

እንቁላሉን። አንዱንም አልበላሁም እትዬ።

እትዬ። ዶሮ አርቢዋ ቀድማ የሰማችው እሷን ነው፣ አልበላሁትምን ኋላ ነው የሰማችው። የመጀመሪያውን ቀን ልቀቅለው ውኃ ጥጄ ነበር፣ ትላለች ምራቷ፣ ድምፅዋ ጠብ የለበትም፣ የጨርቅ ልክ እንደምትናገር ነው፣ ውኃው ሲፈላ ያ ያሉኝ ነገር መጣብኝ፣ ሃያ አንድ ቀን ያሉት፣ ከእጃቸው አልበላም አልኩ፣ ክፉ ከመጣም በራሴ ይምጣ ብዬ፣ በየቀኑ እርስዎ ሲወጡ ጠብቄ የቆሻሻ ጋሪው ላይ ጣልኩት። ሁሉንም? ሁሉንም። ትናንት ያመጡልኝንም። ታዲያ እማ ያልሽኝ? ልጅዎ ነዋ፣ በየምሽቱ እየደወለ ታረቃችሁ ወይ ይላል፣ ሐሳብ ይዞ እንዳይነዳ ብዬ ነው።

ዶሮ አርቢዋ ተቀመጠች፣ ወንበር አይደለም የጨርቅ ክምሩ ላይ ነው። አልበላችውም። ተመስገን። አልበላችውም፣ ሃያው እንቁላል ሁሉ ቆሻሻ ጋሪ ላይ፣ ሐኪሙ እንዳዘዘው፣ ያዘዘውን ሳይነግራት የፈጸመችው እሷ፣ አሜን ያልኩት እኔ፣ ተመስገን፣ ልጁ ምንም አልነካውም፣ ከአፌ የወጣው ቃል ነው ከእጄ ያተረፈው፣ እንዴት ያለ ነገር ነው ይሄ፣ ክፉ ባልናገራት ኖሮ ታምነኝ ነበር፣ ብታምነኝ ትበላው ነበር፣ በየት በኩል ልደሰት፣ ሳቋ መጣ፣ አፏን በመዳፏ ያዘችው፣ ሳቅ አይደለም፣ ምን እንደሆነ አይታወቅም፣ በየጠዋቱ ሰባት መቶ እርምጃ፣ እንዳይሰበር እየተጠነቀቅኩ፣ ዝናብ የጣለ ዕለት በብብቴ ይዤ፣ ጋሪው ላይ። ጋሪው ላይ። ይገባኛል። ይገባኛል ግን እማ ባላለችኝ፣ እሱን ብቻ ባላለችኝ።

እና ምራቷ ጎንበስ አለች። መጣ። የአልጋውን ብረት ጨበጠች፣ ጣቶቿ ነጡ፣ ጨርቅ ሲቆርጡ የኖሩ ጣቶች፣ ከንፈሯን ነክሳ ቆጠረች፣ እስኪያልፍ፣ አለፈ። እና ያለ እንቁላልም ይኸው ነው አለች። ደግሞ ላጣው ነው መሰለኝ። አሁን ድምፅዋ የጨርቅ ልክ አይናገርም፣ የልጅ ነው፣ ጤና ጣቢያ መሄድ አለብኝ፣ ጫማዬን ለማድረግ እንኳ ፈርቼ ነው የተቀመጥኩት፣ ጎንበስ ስል የሚወርድ እየመሰለኝ።

ዶሮ አርቢዋ ጫማዋን ፈለገች፣ አንዱ አልጋ ሥር፣ አንዱ ማሽኑ ሥር፣ ተንበረከከች፣ እግሯ ቀዝቅዟል፣ አደረገችላት፣ ቀበቶውን እንዳይጠብቅ አላላችው፣ ቀና ስትል ፊት ለፊት ሆኑ። ማን ልጥራልሽ? አለቻት። የምታምኚው ሰው ማን አለ፣ ጎረቤት፣ የሥራ ጓደኛ፣ ሄጄ ልጥራልሽ፣ እኔ በር ላይ እጠብቃለሁ። ምራቷ ክፍሉን አየች፣ ማሽኑን፣ በሩን፣ ጠዋት ነው፣ ሰው ሁሉ ሥራ ገብቷል። ማንም የለም። እርስዎ ይያዙኝ።

ይያዙኝ አለች፣ እማም አላለች እትዬም አላለች፣ ባዶውን፣ ያዘቻት፣ ብብቷ ሥር ገብታ፣ ክብደቷን ጣለችባት፣ ሙሉውን፣ አጥንቷ ይሰማል፣ ደረቷ ቢላ ነው፣ ይህቺ ልጅ ምን እየበላች ነው የኖረችው፣ ይህን አሁን አትጠይቂ፣ የበሩ ደፍ አለ፣ እግርሽን አንሺ፣ እንዲያ፣ የቆርቆሮ በሩን በጀርባዋ ገፋችው፣ ፀሐይ፣ ቀስ፣ ሲመጣ ንገሪኝ እንቆማለን፣ መጣ፣ ቆሙ፣ በመንገዱ መሃል፣ ጋሪ ገፊው ሰውዬ ዞሮ አለፋቸው፣ ምንም አላለም፣ አለፈ? አለፈ፣ ሂጂ እንግዲህ፣ ከዚህ ግንብ እስከዚያ ግንብ፣ ከዚያ እናያለን፣ ስለ ሌላው ሌላ ቀን፣ ልደሰት ወይ ላልቅስ ስለሚለውም ሌላ ቀን፣ አሁን እስከዚያ ግንብ ነው፣ ትንፋሽሽን አትያዢው፣ አውጪው፣ እንዲያ፣ ደግሞ አንድ፣

ጤና ጣቢያው አራት ቀን አስተኝቷት ወጣች፣ እስክትወልድ ማሽን እንዳትረግጥ አዘዋት፣ አልረገጠችም። በወሯ ሴት ልጅ ወለደች። ሹፌሩ የረጅሙን መንገድ ትቶ እዚሁ ከተማ ውስጥ አሸዋ ያመላልሳል፣ ማታ ቤቱ ይገባል። የከብት ሐኪሙ ሚስት አግብቶ ሄደ፣ ሱቁ አሁን የቀለም መሸጫ ሆኗል። ኮሎኔሏን ውሻ በላት፣ የተረፉት ስምንቱ እኔ ጋ ናቸው። ልብስ አጣቢዋ እጇን ታማለች፣ አንሶላ አትቀበልም። ዶሮ አርቢዋ ቤቷን አከራይታ እነሱ ጓሮ አንዲት ክፍል ገብታለች፣ ከምራቷ ጋር የሚያበስሉት ለየብቻ ነው። ልጅቷ ከሁለቱም ትበላለች።